ሴቶች ልጆችና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት
(በደብራችን የ50ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ በዓል ቀን የተነገረ ቃል)



የደብራችን አለቃ በዚህ በዓል ላይ ስለ ትምህርት ጥቂት ቃል እንድናገር አዝዘውኛል። ስለ ደብሩ አመሠራረትና በዚህ ስላለፉት ሊቃውንት ከእኔ በፊት የተናገሩት አባቶች ነገሩን ስላሟሉት፥ እኔ ብደግመው ያሰለቻችሁ እንደ ሆነ እንጂ የሚጨመር የለውም። ስለዚህ ማንም ያልነካውን አንድ ነገር አነሣለሁ። ይኸውም የሴቶች ልጆቻችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነገር ነው።

ኢዮቤልዩ የሚለውን ስም ከኦሪት ወስደነዋል። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው 50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት የሚነፋበት፥ ባሪያ ነጻ የሚወጣበት፥ ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ የሚመለስበት ዓመት ነበረ። እኛ ከዚህ ሁሉ ይዘን የቀረነው መለከቱንና ግብሩን ነው፤ የርስቱን ነገር ትተነዋል። በዘኍልቍ መጽሐፍ ደግሞ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች፥ ማህለህና ኑዓ፥ ዔግላ፥ ሚልካና ቲርጻ፥ 5ቱም በሙሴና በካህኑ በአልዓዛር ፊት ቆመው ከአባታቸው ወገን ጋራ ርስት ይሰጠን ዘንድ ይገባናል ብለው ተከራከሩ። ሙሴም ያን ያህል ነቢይ ሲሆን ከልማዱ ተነሥቶ አልፈረደባቸውም፤ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ ፍርዱም ለሴቶቹ ሆነ። ርስት በተባለ ጊዜ እኛ የምናስበው መሬትን ብቻ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ያወረሱን ንባቡ፥ ዜማው፥ ቅኔውና ትርጓሜው ከጋሻ መሬት የሚበልጥ ርስት እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በዚህም ርስት ሴቶች ልጆቻችን ድርሻ ያላቸው አይመስልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕፃናት ፊደል ቆጥረው፥ አቡጊዳውንና መልእክተ ዮሐንስን አልፈው፥ ዳዊት እስኪደግሙ ድረስ ሴትና ወንድ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ዳዊቱ ካለቀ በኋላ ወንዱ ወደ ዜማ ቤት ወይም ወደ ቅኔ ቤት ይሄዳል፤ ሴቲቱ ግን ዳዊቷን ሳመችና ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ የትምህርቷ ፍጻሜ ይህ ነው። ዛሬ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሐኪምም፥ ዳኛም፥ መሐንዲስም ለመሆን ትችላለች፤ ማንም አይከለክላትም። ሌሊት ሌሊት የምትደግመውን የውዳሴ ማርያምን ትርጓሜ ግን የሚነግራት መምህር ብትፈልግ አታገኝም። በዓለሙ ትምህርት የተከፈተላት በር በገዛ እናቷ ቤት ተዘግቶ ሲገኝ፥ ይህ ለእኛ ለሊቃውንቱ የሚያስመሰግን ነገር አይደለም።

በዚሁ በእኛ አጥቢያ ዳዊት የደገመች አንዲት ልጅ አለች። የቅኔ ተማሪዎቼ ማታ ማታ ቅኔያቸውን ሲነግሩኝ፥ ከአጥሩ ውጭ ቆማ መስማት አመል አደረገች። ከብዙ ጊዜም በኋላ አንድ ቀን ጉባኤ ቃና ቆጥራ አመጣችልኝ። ቤቱ የተመታ፥ ምሥጢሩም ያልራቀ ነበረ፤ የጎደለው የአገባብ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ካልተማሩት በጆሮ ብቻ አይገኝም። አባቷን አስጠርቼ ልጅህን ወደ ቅኔ ቤት ስደዳት ብዬ ነገርሁት። እርሱም አልተቃወመኝም፤ ሴት ልጅ ቅኔ ምን ያደርግላታል ብሎም አልተከራከረኝም። «መምህር፥ የት ታድራለች?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘሁለትም፤ የዛሬውም ንግግሬ የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ይህ የሴት መማር ነገር አዲስ ነገር፥ የፈረንጅ ነገር ነው የሚል ሰው በመካከላችን አይጠፋምና፥ አስቀድሜ ስለ አገራችን ልናገር።

ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ የማን አገር ልጅ ናት? የዚሁ የእኛ የሸዋ፥ የቡልጋ ልጅ ናት። ባልና ልጆች የነበሯት ባለጠጋ ሴት ሆና ሳለች ይህን ሁሉ ትታ በደብረ ሊባኖስ መነኮሰች፤ ከዚያም ወደ ጣና ሄዳ በጓንጉት ገዳም መሠረተች። በነሐሴ 24 ቀን በዓሏን ስናከብር በባሕር ውስጥ ቆማ መጸለይዋን እንተርካለን። በገድሏ ያለውን ትልቁን ነገር ግን አልፈነው እንሄዳለን። እርሷ ዲያብሎስን ከፈጣሪው ጋራ ላስታርቅ ብላ የለመነች ናት፤ ስለዚህም ነገር ወደ ሲኦል ወረደች ተብሎ ተጽፎላታል። የእግዚአብሔር ምሕረት እስከ ምን ድረስ ነው? የክፉው ፈቃድስ ምሕረትን ለመቀበል ይችላልን? ይህ ጥያቄ ሊቃውንት በጉባኤ የሚከራከሩበት የነገረ መለኮት ጥያቄ ነው፤ ያነሣችውም የቡልጋ ሴት ናት። በእርሷ ስም ታቦት ተክለን ማሕሌት እንቆማለን፤ የአገሯን ልጆች ግን ከጉባኤው እናስቀራቸዋለን።

ከቡልጋ ወደ ደብረ ብርሃን እንምጣ። ይህን ከተማ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ስለ ታየው ብርሃን እንደ ቈረቈሩት ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። የእርሳቸው ንግሥት እቴጌ እሌኒ ግን በመንግሥት ብልኃታቸው ብቻ ነው የሚነገርላቸው፤ ሞግዚት ሆነው አገር መጠበቃቸውን፥ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ መላካቸውን እናነባለን። በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው የፖርቱጋል ጸሐፊ ዳምያን ደ ጎይሽ ግን ሌላ ነገር ጽፎላቸዋል። እቴጌይቱ በግእዝ 2 መጻሕፍት ደርሰዋል፤ በአንደኛው ስለ ሥላሴና ስለ እመቤታችን ድንግልና፥ በሁለተኛው ስለ እግዚአብሔር ሕግ በጥልቅ ተናግረዋል ይላል። የደብረ ብርሃን ንግሥት ስለ ምሥጢረ ሥላሴ መጽሐፍ መድረሳቸውን የባሕር ማዶ ሰው ሲያስታውሰው፥ የደብረ ብርሃን ተማሪ ሳይሰማው ያድጋል።

እንግዲህ ወደ ራሴ ሙያ፥ ወደ ቅኔው ልመለስ።

በጎጃም ቅኔ የተማረ ሰው የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ስም ሳይሰማ አልተመለሰም። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። እማሆይ ገላነሽ በልጅነታቸው ዐይናቸው ጠፋ፤ ነገር ግን በአባታቸው ቤት ሁነው ቅኔውን ተማሩ፤ በኋላም ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ወንዶች ተማሪዎችን ቅኔ አስተማሩ። ሰው ይህን ሲሰማ ዐይነ ስውር፥ ያውም ሴት፥ እንዴት ያስተምራል ብሎ ይደነቃል። እኔ ግን በዐይናቸው ነገር አልደነቅም። የቅኔ ቤት ትምህርት በመጽሐፍ አይደለም፤ ተማሪው ቀን በየጥጉ ተቀምጦ ይቈጥራል፥ ማታ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ መምህሩም በጆሮው መዝኖ ይህ ቤቱ ሰበረ፥ ይህ አገባቡ አልገባ፥ የዚህ ሰሙ ቀርቦ ወርቁ ራቀ እያለ ያርመዋል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የሰላ ጆሮና የበሰለ ልብ ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ለወንድ ብቻ ተከፍለው የተሰጡ ናቸው የሚል መጽሐፍ እስካሁን አላገኘሁም።

እኔ የማስበው ሌላ ነገር ነው። እማሆይ ገላነሽ ሊቅ የሆኑት ለምንድን ነው? አእምሮ ስለ ነበራቸው ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ አእምሮ የነበራት ሴት በዚያ ዘመን በጎጃም ሁሉ እርሳቸው ብቻ ነበሩን? በሸዋስ አልነበረችምን? ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የእርሳቸው አባት የቅኔ መምህር ስለ ነበሩ፥ ቅኔ ቤቱ የተወለዱበት ቤት ሆነ። ለመማር መንገድ አልሄዱም፤ የት ታድራለች የሚል ጥያቄም አልተነሣባቸውም። አባታቸው ገበሬ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ ስማቸውን ባልጠራነው ነበር።

የቅኔ ተማሪን ኑሮ ያየ ሰው ነገሬን ይረዳልኛል። እኔ ከዚህ ተነሥቼ ዐባይን ተሻግሬ ቅኔ ልማር ስሄድ የያዝሁት ደበሎ፥ አኩፋዳና በትር ነበር። በትሩ ለውሻ ነው። ተማሪ በየመንደሩ ይለምናል፥ ከውሻ ጋራ ይታገላል፥ ከመምህሩ ቤት አጠገብ በሣር የሠራት ጎጆ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋራ ተደራርቦ ያድራል፤ አንዱ መምህር ሲያልቅበት ወደ ሌላው አገር ይነሣል። ይህ ኑሮ ለ12 ዓመት ወንድ ልጅ እንኳ ጭንቅ ነው። ሴት ልጁን በዚህ መንገድ ብቻዋን የሚሰድ አባት አይገኝም፤ ባይሰድም አልፈርድበትም። ስለዚህ ሴቶች ልጆቻችንን ያስቀራቸው ፍትሐ ነገሥት ሳይሆን ይህ መንገድ ነው። ይህንንም ለይተን ካላወቅነው፥ ሲኖዶስ ያልከለከለውን ነገር በእግዚአብሔር ስም ስንከለክል እንኖራለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በእንተ ስማ ለማርያም ብለን በየደጁ ስንቆም ማን ነበር በሩን የከፈተልን? ቁራሹንስ ማን ሰጠን? በዚህ አዳራሽ የተቀመጥን መምህራን ሁሉ ጉባኤ ቃናውም፥ ሥላሴውም፥ መወድሱም የተቈጠረልን በሴት እጅ በተጋገረ እንጀራ ነው።

ይህ የመንገድና የበር ነገር በእኛ ብቻ የተገኘ አይደለም። በአሜሪካ አገር ማዴሌቫ ወልፍ የተባለች የካቶሊክ መነኵሲት ነበረች። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1887 ዓመት ተወልዳ በ1964 ያረፈች ናት። ነገሯን የወደድሁት ባለ ቅኔ ስለ ሆነች ነው፤ ብዙ የግጥም መጻሕፍት አሳትማለች። በ1925 ዓመት በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አገኘች፤ ከ1934 እስከ 1961 ድረስም በኢንዲያና የሚገኘውን የቅድስት ማርያም የሴቶች ኮሌጅ በፕሬዚዳንትነት መራች። በዚያ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ለሕፃናት ሃይማኖት የሚያስተምሩት አብዛኞቹ ሴት መነኮሳት ነበሩ፤ ነገር ግን ነገረ መለኮትን በከፍተኛ ደረጃ ልማር ያለች ሴት የሚቀበላት የካቶሊክ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ትምህርቱ ለሚካኑ ወንዶች ብቻ የተጠበቀ ነበረና። እንግዲህ ያልተማሩትን እንዲያስተምሩ ታዝዘው ነበር ማለት ነው። ማዴሌቫ በየትምህርት ቤቱ ደጅ ጠንታ የሚቀበል ባጣች ጊዜ፥ በ1943 ዓመት (በእኛ 1935 ዓ.ም.) በራሷ ኮሌጅ ውስጥ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ሴቶች መነኮሳትና ምእመናት በዚያ ተምረው እስከ ዶክተርነት ደረሱ። ከጥቂት ዐሥር ዓመታት በኋላ ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በራቸውን ለሴቶች ስለ ከፈቱ፥ ያ ትምህርት ቤት ሥራውን ፈጽሞ ተዘጋ። እንዲህ ያለ መዘጋት ለትምህርት ቤት ክብር ነው። እርሷ ባረፈች በ6ኛው ዓመት፥ በ1970፥ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ የአቪላዋን ቴሬዛንና የሲዬናዋን ካተሪናን የቤተ ክርስቲያን መምህራን ብለው ሰየሙ፤ ከዚያ በፊት ይህ ስም ለሴት ተሰጥቶ አያውቅም፤ እስከ ዛሬም በዚህ ስም የተጠሩ ሴቶች 4 ናቸው።

የካቶሊክ ነገር ምን አመጣው የምትሉኝ ትኖራላችሁ። በእኛና በእነርሱ መካከል የኬልቄዶን ነገር እንዳለ አልረሳሁትም፤ ከእርሷ ሃይማኖት ልንማር አላልሁም። የእርሻ ብልኃት ግን ከጎረቤት ይታያል፤ ጎረቤት ሌላ ታቦት ቢያነግሥም እርሻው እርሻ ነው። ደግሞም ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 በፈረንጅ አቈጣጠር የሮማን ሃይማኖት ባወጁ ጊዜ፥ ከተቃወሟቸው ሁሉ ስሟ የታወቀው ማን ናት? ወለተ ጴጥሮስ ናት። ባሏን ትታ መንኵሳ፥ እየተሰደደችና እየተጋዘች ሕዝቡን አጸናች፤ በጣና ዙሪያ ወንዶችም ሴቶችም ያሉበትን ማኅበር መራች፤ ገድሏም በ1672 ተጻፈ። እንግዲህ ሃይማኖታችንን ከካቶሊኮች ለመጠበቅ ሴት መምህርት አስፈልጋን ነበር፤ ሴትን ማስተማር የካቶሊክ ነገር ነው የሚል ሰው ይህን ያስብ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሴቶች በማኅበር ዝም እንዲሉ መጻፉንም አውቃለሁ፤ በዚያው መልእክት ጥቂት ቀደም ብሎ ግን ሴት ስትጸልይና ትንቢት ስትናገር ራሷን እንድትከናነብ ያዝዛል፤ ዝም ለምትል ሴት ይህን ማዘዝ ባላስፈለገውም ነበር። ያን የእስክንድርያ ሊቅ አጵሎስን ወደ ቤታቸው አግብተው የጎደለውን የሞሉለት አቂላና ጵርስቅላ ናቸው። ባስልዮስንና ወንድሙን ጎርጎርዮስ ዘኑሲስንማ ምን ልበል? በሁለቱም ስም ቅዳሴ አለን። እነዚህን ሁለቱን ወደ መንፈሳዊ ኑሮ የሳበቻቸው ታላቅ እኅታቸው ማቅሪና ናት። ጎርጎርዮስ ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ በጻፈው መጽሐፍ ጠያቂው እርሱ ጳጳሱ ነው፤ የምትመልስለት በሞት አልጋ ላይ ያለችው ማቅሪና ናት፤ በመጽሐፉም ሁሉ መምህርት እያለ ይጠራታል። ቅዳሴውን ስንቀድስ የማን ደቀ መዝሙር ቅዳሴ እንደ ሆነ ብናስታውስ መልካም ነበረ።

ማንም ግን ነገሬን እንዳያጣምምብኝ እለምናለሁ። ስለ ክህነት አልተናገርሁም፤ መቅደስ ይግቡ፥ ይቀድሱም አላልሁም። ቅኔ መቍጠር ክህነት አይጠይቅም፤ አንድምታ መስማት ክህነት አይጠይቅም፤ ሕፃን ማስተማርም እንዲሁ ነው።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ይህ አገራችን ተማሪዎቹን አንድ ጊዜ በጥይት የተነጠቀ አገር ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ከፈጀ በኋላ የገዳሙን ዲያቆናት ወደ ደብረ ብርሃን አምጥቶ በከተማው አጠገብ ረሸናቸው፤ ግራዚያኒ ራሱ በላከው ቴሌግራም 129 ናቸው ብሎአል። ከእነዚያ ስንቱ የዜማ፥ ስንቱ የቅኔ፥ ስንቱ የመጻሕፍት መምህር ይሆን ነበር? ዛሬ ደግሞ ጥይት ሳይኖር ወንበሩ እየተራቈተ ነው፤ ወንዶች ልጆቻችን ወደ ከተማ ሄደው የቅኔ ቤቱ ጎጆዎች ባዶ ሆነዋል። መምህራን ተማሪ አጣን እያልን እናለቅሳለን፤ ከአጥሩ ውጭ ቆማ የምትሰማውን ግን ተማሪ ብለን አንቈጥራትም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ለደብሩ አለቃና ለሰበካ ጉባኤው ያቀረብሁት አሳብ ይህ ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን በስተ ምሥራቅ፥ ከቅጥሩ አጠገብ፥ ለእንግዳ ማረፊያ ተብሎ ተጀምሮ ሳይከደን የቀረ ቤት አለ። ይህ ቤት ተከድኖ፥ አጥር ታጥሮለት፥ ዳዊት ለደገሙ ሴቶች ልጆች ማደሪያ ይሁን። ለመጀመሪያው 8 ልጆች ይበቃሉ። ሁለት የታወቁ እማሆዮች ከእነርሱ ጋራ እንዲያድሩ ይለመኑ። ከእነዚህ ልጆች ማናቸውም አኩፋዳ ይዛ በየመንደሩ እንዳትሄድ፥ ምግባቸው ከደብሩ ይሁን፤ የጎደለውን ወላጆቻቸው ከገብሱም፥ ከባቄላውም እንደ አቅማቸው ይሙሉ። የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ነውና ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ የመንዝ ባና ያስፈልጋል።

ትምህርቱም የውዳሴ ማርያምና የወንጌል ትርጓሜ በመጀመሪያ፥ ከዚያም ግሱና አገባቡ፥ ከዚያም ቅኔው ይሆናል። ቅኔውን ያለ ደመወዝ አስተምራለሁ፤ ጠዋት ለወንዶቹ፥ ከቀትር በኋላ ለሴቶቹ ሰዓት ከፍያለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ልጆቹ በሊቃውንቱ ፊት ቀርበው ቅኔያቸውን ይንገሩ፤ ያልቻለችውን እንደ ወንዱ መልሷት፥ የቻለችውን እንደ ወንዱ መርቋት። ስለ እነርሱ ብላችሁ አታቅልሉት፥ አታክብዱትም።

የሰበካ ጉባኤው በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለዚህ ነገር ይሰበሰባል። ለጣራው ቆርቆሮ የሚሰጥ፥ እንጨት የሚያመጣ፥ በጉልበቱ የሚረዳ ሰው ስሙን ለጸሐፊው ያስመዝግብ። እኔ 2 ኩንታል ገብስ አስመዝግቤአለሁ።